የሶላር ፓምፕ ኢንቨርተር፦ አንድ ቦርድ ላይ ወይስ በሞጁል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። ሸዋ ሮቢት ያሉ ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች በሶላር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ኢንቨርተር እንድሠራላቸው ጠይቀውኛል። ፓምፖቹ ባለ 3 ፌዝ፣ 380 ቮልት፣ 4 ኪሎዋት ናቸው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ሁሉንም አንድ ቦርድ ላይ አድርገው፣ ርካሽና ንጹሕ ይሆናል› ይለኛል። ሌላው ‹በሞጁል ከፋፍለህ ሥራው፣ ሲበላሽ የተበላሸውን ብቻ ትቀይራለህ› ይላል። የትኛው ይሻላል? ደግሞስ ፊውዙን የት ላድርገው?»

ወንድሜ ሰላም። ሁለቱም ጓደኞችህ እውነት አላቸው። ግን የሚያወሩት ስለተለያየ የዕቃው ክፍል ነው። ኢንቨርተር ማለት ከፓናሉ የሚመጣውን ዲሲ (ባንድ አቅጣጫ የሚፈስ) ኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደሚፈልገው ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ) የሚለውጥ ዕቃ ነው። ውስጡ ኤሌክትሪክ በናኖሰከንድ (በሰከንድ ቢሊዮንኛ) የሚበራና የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ ረግቶ ዝም ብሎ የሚፈስበት ቦታም አለ። እኔ የምልህ ፈጣኑን ክፍል ምንም ሳትቆርጥ በተቻለህ መጠን አጥብበህ አንድ ላይ ሥራው፣ የረጋውን ክፍል ደግሞ በካቻቪቴ ተፈትቶ እንዲቀየር አድርገህ ለያየው ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ይህን ነገር እኔ በዕቃ ነው የተማርኩት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ለራሴ አንድ ኢንቨርተር ሠራሁ። ያኔ ሁሉንም ነገር መለያየት እወድ ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ለብቻ፣ ሞስፌቶቹ (ኤሌክትሪኩን የሚያበሩና የሚያጠፉት ትራንዚስተሮች) ሂትሲንክ በሚባለው የብረት ማቀዝቀዣ ላይ ለብቻ፣ ጌት ድራይቨሩ (የትራንዚስተሩን ጌት፣ ማለትም የማዘዣ እግሩን የሚነዳው) ለብቻ፣ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ሳጥኑ ግርጌ ለብቻ። ሁሉንም በሽቦ አገናኘሁና ሽቦዎቹን አሳምሬ አሰርኳቸው። አምፖል ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ። ሞተር ላይ ሳስነሣው ጧ አለ። የአንዱ ሞስፌት ሆድ ተቦርቡሮ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው መዳብ ይታይ ነበር። ሽታው ሁለት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። ቀየርኩት፣ ደግሞ ጧ አለ። ሦስተኛውን ከማቃጠሌ በፊት አንድ የቆየ ቴክኒሻን መጣና ጭነቱን ቀነሰው። የኦሲሎስኮፑን (ፈጣን የቮልቴጅ ለውጥን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) ረጅም የግራውንድ ሽቦ ነቅሎ ፕሮቡን በአጭሩ ሞስፌቱ እግር ላይ አስጠጋው። ስክሪኑ ላይ 310 ቮልት ላይ መቆም የነበረበት መስመር፣ ሞስፌቱ በጠፋ ቁጥር እንደ ጦር ወደ ላይ ሾጦ 450ን ያልፍና እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። ይኼ እንግዲህ ጭነቱ ተቀንሶ ነው። የኔ ሞስፌት የተሠራው ለ500 ቮልት ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ማንኛውም ሽቦ ኢንዳክታንስ አለው፣ ማለትም ከረንቱ በድንገት ሲቆረጥ ቮልቴጅ እያነሣ ይቃወማል፤ በግርድፉ 1 ሴንቲሜትር ሽቦ 10 ናኖሄንሪ ያህል ነው። በኔ ካፓሲተሮችና በሞስፌቶቹ መካከል ደርሶ መልስ 20 ሴንቲሜትር ሽቦ ነበር፣ 200 ናኖሄንሪ ማለት ነው። ሞተር ሲነሣ 20 አምፔር ይስባል፤ ሞስፌቱ ያንን በ20 ናኖሰከንድ ይቆርጠዋል። በአንድ ናኖሰከንድ 1 አምፔር ማለት ነው። ያንን በ200 ናኖሄንሪ ስታባዛው 200 ቮልት ይወጣል። 310 ሲደመር 200፣ 510። ሞስፌቱ ያለቀለት በዚህ ነው። መልቲሜትር ይህን በፍጹም አያሳይህም፤ ለመልቲሜትር ሁሌም 310 ነው።

ጌት ድራይቨሩም እንዲሁ። ድራይቨሩ ራቅ ካለ ጌቱ በገዛ ሽቦው ይንቀጠቀጣል። ትራንዚስተሮቹ የላይኛውና የታችኛው እየሆኑ በፕላስና በማይነስ መካከል ጥንድ ጥንድ ተደርድረዋል፤ የላይኛው ትራንዚስተር ሲበራ የታችኛው ጌት በግድ ከፍ ይልና ያለፈቃዱ ይበራል። ሁለቱ አንድ ላይ ከበሩ ካፓሲተሩ በቀጥታ ሾርት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጓደኛህ «አንድ ላይ አድርገው» ሲል፣ ስለ ካፓሲተሩ፣ ስለ ትራንዚስተሮቹና ስለ ጌት ድራይቨሩ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከሱ ጋር ነኝ። እነዚህን ሦስቱን አትለያይ።

አሁን ወዳንተ 4 ኪሎዋት እንምጣ። 6 ዲስክሪት (ለየብቻ የሚሸጥ) ትራንዚስተር ገዝተህ ቦርድ ላይ መደርደር ትችላለህ። ግን የኔ ምርጫ አይፒኤም ነው፣ ማለትም ኢንተለጀንት ፓወር ሞጁል የሚባለው። በአንድ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ 6 አይጂቢቲ (ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሆን የትራንዚስተር ዓይነት)፣ 6 ዳዮድ፣ ጌት ድራይቨሮቹና መከላከያው አብረው ታሽገዋል። 380 ቮልት ላይ የ4 ኪሎዋት ሞተር ወደ 9 አምፔር ይስባል፣ ጫፉ ወደ 13 አምፔር ይደርሳል። ስለዚህ 1200 ቮልት፣ 25 አምፔር የሚለው ይበቃሃል፣ መጠባበቂያም ይተርፍሃል።

ለምን አይፒኤም? አንደኛው ምክንያት አሁን ያልኩህ ነው፦ ድራይቨሩና ትራንዚስተሩ በሚሊሜትር ርቀት ላይ ስለሆኑ ያ ረጅም ሽቦ የለም። ሁለተኛው ሾርት ሰርኪዩት ነው። አይጂቢቲ ሾርት ሲሆን የሚቋቋመው 10 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የፓምፑ ኬብል ጭቃ ውስጥ ተልጦ ፌዝ ከፌዝ ሲነካካ አንተ የምትጽፈው ሶፍትዌር አይደርስለትም፤ ፊውዝማ ጭራሽ አይታሰብም። አይፒኤሙ ግን ራሱ አይቶ ራሱ ያጠፋል፣ ከዚያ በፎልት እግሩ «አጥፍቻለሁ» ብሎ ላንተ ኮንትሮለር ይነግራል። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ዲስክሪት ከሆነ ለ6 ትራንዚስተር 6 ማይካ ወይም የሲሊኮን ንጣፍ፣ 6 ብሎን፣ 6 የሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ቅብ ያስፈልጋል። አንዱ ብሎን ከላላ ያ ትራንዚስተር ለብቻው ይግላል፣ አንተም የምታውቀው ከፈነዳ በኋላ ነው። አይፒኤም ጀርባው አንድ ወጥ ነው፤ መከላከያው ሴራሚክ ሆኖ ውስጡ ተሠርቷል። ሁለቱን ብሎኖች በተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግክ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ አጥብቀህ ወደ ሌላው ከሄድክ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፓስታውንም ስስ አድርገህ ቀባው፤ ግድግዳ እንደሚለስን ሰው አትለጥፈው።

«ዲስክሪት ይረክሳል» የሚሉህ እውነታቸውን ነው። ትራንዚስተሩ ብቻውን ይረክሳል። ግን 6 ድራይቨር፣ ለድራይቨሮቹ የሚሆን ፓወር ሰፕላይ፣ ንጣፉን፣ ሥራውንና የሚፈነዳውን ስትደምርበት ልዩነቱ ይጠባል። ገበያ ላይ ደግሞ ላዩ ተፍቆ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ትራንዚስተር አይጠፋም። ሞጁልም ቢሆን ከሌላ ዕቃ የተነቀለ አሮጌ ተጠርጎ አዲስ ተብሎ ይሸጣል፤ እግሮቹ ላይ የድሮ ሊድ ካየህ አትግዛው።

የዚህ ሐሳብ ታሪክ ቆየት ያለ ነው። ሰሚክሮን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከሂትሲንኩ በመከላከያ የተለየ የፓወር ሞጁል ያወጣው በ1975 ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ መርከቦቹን እንደ ጡብ በሚገጣጠሙ የፓወር ክፍሎች ለመሥራት አስቦ ምርምር ደገፈ። በ1998 ደግሞ ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ በፍሬድ ሊ የሚመራ የምርምር ማዕከል ተቋቁሞ ትራንዚስተሩን፣ ድራይቨሩንና ማቀዝቀዣውን እንዴት አንድ ላይ ማሸግ እንደሚቻል ለዓመታት ሠራበት። ዛሬ ለአንድ ፓምፕ የምትገዛው አይፒኤም የዚያ ዓይነት ሥራ ፍሬ ነው።

አሁን ሁለተኛው ጓደኛህ ልክ ወደሆነበት ልውሰድህ።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሞተር ድራይቭ ጥገና ተጠርቼ ነበር። ድራይቩ ሁሉ ነገሩ አንድ ቦርድ ላይ ነው፤ ቦርዱም በጥቁር ሙጫ ተሞልቶ ደርቋል። ብልሽቱን በግማሽ ቀን አገኘሁት። የውስጥ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ካፓሲተር ደርቃለች። ካፓሲተሯ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበረች! ግን ሙጫውን ፈልፍዬ እዚያ ለመድረስ ስሞክር አጠገቧ ያሉትን መስመሮች በጠስኳቸው። አዲስ ድራይቭ ከውጭ እስኪመጣ ማሽኑ ሳምንታት ቆመ። ሠራተኞቹ በየቀኑ እየመጡ ሲያዩኝ የተሰማኝን አሁንም አልረሳውም። የሸዋ ሮቢት ገበሬ ሽንኩርቱ ሳምንት አይጠብቀውም፤ በዚያ ሙቀት ጥቂት ቀን ውሃ ካጣ አበቃለት።

ስለዚህ ራስህን «መጀመሪያ የሚሞተው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅና የሚሞተውን በቀላሉ የሚፈታ አድርገው። ቀድመው የሚሞቱት የታወቁ ናቸው፦ ፋን፣ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር (ውስጡ ፈሳሽ ስላለ በጊዜ የሚደርቀው)፣ የመብረቅ መከላከያ፣ ኮኔክተር፣ ትንሿ የውስጥ ፓወር ሰፕላይ። አይፒኤሙ ራሱ በደንብ ከቀዘቀዘ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ዕድሜ አለው።

እዚህ ላይ ትጠይቀኛለህ፦ ካፓሲተሩን ከትራንዚስተሩ አትለየው ብለኸኛል፣ አሁን ደግሞ ፍታው ትላለህ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የዚህ ዲዛይን ዋናው ብልሃትም እዚህ ጋ ነው። ካፓሲተሩን ለሁለት ክፈለው። አይፒኤሙ እግር ሥር፣ ከፕላስና ከማይነሱ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ አንድ የፊልም ካፓሲተር አድርግ፣ 1 ማይክሮፋራድ፣ 1000 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ። ያች ትንሽ ካፓሲተር በናኖሰከንድ የሚፈለገውን ከረንት ትሰጣለች። ፊልም ስለሆነች አትደርቅም፣ ስለዚህ ቦርዱ ላይ ለዘለዓለም ብትበየድ ግድ የለም። ትልልቆቹ ኤሌክትሮላይቲኮች ደግሞ በሌላ ቦርድ ላይ ይሁኑ። እነሱ የሚሠሩት ቀስ ያለውን ሥራ ነው፤ ስለዚህ 10 ሴንቲሜትር ቢርቁ ችግር የለውም። ፕላሱንና ማይነሱን ግን ሰፋ ባለ መዳብ፣ አንዱን ባንዱ ላይ አስተኝተህ ውሰዳቸው። ከዓመታት በኋላ ሲደርቁ ገበሬው 4 ብሎን ፈትቶ ቦርዱን ብቻ ወደ ሱቅህ ይልካል።

ኤሌክትሮላይቲኮቹን በቁጥር ላሳይህ። ከፓናሎቹ የሚመጣው የዲሲ ቮልቴጅ እስከ 800 ሊደርስ ስለሚችል 450 ቮልት የሆኑትን ሁለት ሁለት አድርገህ ተከታታይ ትገጥማለህ። ሁለት 470 ማይክሮፋራድ ተከታታይ ሲሆኑ 235 ይሆናሉ። በየራሳቸው ላይ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርግ፤ ቮልቴጁን እኩል ያካፍላል፣ ሲጠፋም ያፈሰዋል። ሬዚስተሩ በ350 ቮልት ከ1 ዋት በላይ ስለሚያቃጥል ቢያንስ 3 ዋት ይሁን። 700 ቮልት ላይ እነዚህ ካፓሲተሮች ወደ 58 ጁል ይይዛሉ። ሰው ይገድላል። በነዚህ ሬዚስተሮች ከ700 ወደ 50 ቮልት ለመውረድ 2 ደቂቃ ይፈጃል። እኔ 5 ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ከዚያም ሳልለካ አልነካም። ሬዚስተሩ ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና። ይህን ማስጠንቀቂያ ካፓሲተር ቦርዱ ላይ በአማርኛ በትልቁ ጻፍለት፤ ሳጥኑን የሚከፍተው ሁልጊዜ አንተ አይደለህም።

የኮንትሮል ቦርዱም ለብቻው ይሁን። እዚያ ላይ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማሳያውና የፓናሉን ጉልበት የሚያሳድደው ፕሮግራም አሉ። ወደ አይፒኤሙ የሚሄደው ምልክት እንጂ ጉልበት ስላልሆነ በሪባን ኬብል መውሰድ ይቻላል። ሁለት ነገር ግን አደራ። ኬብሉን አጭር አድርገው፤ በየሲግናሉ መሀል አንድ አንድ ግራውንድ አስገባ። ሁለተኛው ይበልጣል፦ አይፒኤሙ አጠገብ፣ በየመግቢያ እግሩ ላይ፣ ምልክቱን ወደ «ጠፍቷል» የሚጎትት ሬዚስተር አድርግ። ኬብሉ ቢነቀል፣ አይጥ ብትቆርጠው ወይም ኮንትሮለሩ ገና ሳይነሣ ጉልበቱ ቢመጣ 6ቱም ትራንዚስተሮች ጠፍተው እንዲቆዩ ነው። ሬዚስተሩን ኮንትሮል ቦርዱ ላይ ብታደርገው ኬብሉ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል፣ ምንም አይጠቅምህም። ይህን ስህተት በጥሩ መሐንዲሶች ሥራ ላይም አይቻለሁ።

ሞጁል ባበዛህ ቁጥር ኮኔክተር ይበዛል፣ ኮኔክተር ደግሞ ራሱ ብልሽት ነው። አቧራ ይገባዋል፣ እርጥበት ያዝገዋል፣ ፓምፑ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። እንሽላሊትና ጉንዳን ሙቀት ፈልገው ሳጥን ውስጥ መግባት ይወዳሉ። ስለዚህ 10 ቦታ አትቁረጠው። እኔ ብሆን መግቢያና መከላከያው አንድ፣ ካፓሲተር ቦርዱ አንድ፣ አይፒኤም ቦርዱ አንድ፣ ኮንትሮሉ አንድ፣ ፋኑ ከነፓወር ሰፕላዩ አንድ አደርገዋለሁ። ከዚህ በላይ አልሄድም። ጉልበት የሚያልፍበትን በብሎን፣ ምልክት የሚያልፍበትን ተገልብጦ በማይገባ ኮኔክተር አድርግ። ቦርዶቹን በሙጫ አትሙላ፤ በስሱ በሚረጭ ቫርኒሽ ሸፍናቸው፣ ሲፈለግ በብየዳ ብረት ሊወጋ የሚችል ነውና።

አሁን ስለ ቦታው። እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆነን ይህን ካልተነጋገርን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። አንተ የምትሠራው ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዕቃው የሚኖረው ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ሲና ስትወርድ ጃኬትህን እንደምታወልቀው ኢንቨርተርህም ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል።

ሱቅህ ውስጥ 15 ዲግሪ ነው እንበል። ኢንቨርተሩን ቀኑን ሙሉ ጭነህ ሞከርከው፤ ሂትሲንኩ ለብ ብሎ ቀረ፣ ደስ አለህ። ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ሳጥኑ ያለበት አየር 38 ዲግሪ ቢሆን 23 ዲግሪ ጨመረ ማለት ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። 23 ዲግሪ ሲሆን አምስት እጥፍ ገደማ አጠረ። ደብረ ብርሃን ላይ 10 ዓመት ይቆይ የነበረው እዚያ 2 ዓመት ነው። ስለዚህ 105 ዲግሪ የሚለውን ግዛ፣ 85 የሚለውን ተወው። ካፓሲተር ቦርዱን ከሂትሲንኩ በላይ አታድርገው፤ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ለየብቻ መሥራት እዚህም ይጠቅምሃል፤ ሙቀት የሚያመነጨውንና ሙቀት የሚጠላውን ክፍል ማራራቅ ትችላለህ።

ሂትሲንኩንም አስላው። 4 ኪሎዋት ላይ 96 በመቶ ብቃት ብታገኝ ወደ 160 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሂትሲንክህ 0.2 ዲግሪ በዋት ከሆነ ከአየሩ 32 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። 38 ሲደመር 32፣ 70። ይቻላል፣ ግን ብዙ ትርፍ የለህም። ሱቅህ ውስጥ ይህን ለማስመሰል ሳጥኑን በካርቶን ከበህ አየሩ 40 እስኪደርስ አሙቀውና እንደዚያ ሆኖ ጫነው። ካርቶኑ እንዳይቀጣጠል አጠገቡ ቁም።

የደብረ ብርሃን ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ባቄላ በቶሎ አልበስል የሚልበት ያው ስስ አየር ኢንቨርተርንም ይነካል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 72 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ የሚገፋው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የድራይቭ ዳታሺቶች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቀንስ ይላሉ፤ 2,800 ሜትር ላይ 18 በመቶ ነው። ስስ አየር ብልጭታን የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። ደንቡ ለ3,000 ሜትር የአየር ክፍተቱን በ1.14 አባዛ ይላል። የደንቡ ሠንጠረዥ 3 ሚሊሜትር ካለህ 3.5 አድርገው። ይህ የሚያስፈልግህ ነገ ከነገ ወዲያ ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ደጋ ደንበኛ ሲመጣ ነው። ቦርዱን ዛሬ አስፍተህ ከሣልከው ያኔ እንደገና አትሠራም። ከፍ ባለ ቦታ ከሰማይ የሚመጣው ኒውትሮንም ይበዛል፣ ቮልቴጅ የተሸከመ ትራንዚስተርን በድንገት ሊገድል የሚችል ነገር ነው። 1200 ቮልት የሚለውን ሁሌም ከ800 በታች አሠራው።

800 ቮልት ከተነሣ ዘንድ ስለ ፓናሎቹ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጭነት ሳይኖርበት 50 ቮልት የሚሰጥ ፓናል ያዝክ እንበል። ያ 50 የተለካው 25 ዲግሪ ላይ ነው። ፓናል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ገደማ። 15 ፓናል በተከታታይ 750 ነው፣ ከ800 በታች ስለሆነ ደህና ይመስላል። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ጠዋት፣ 0 ዲግሪ ላይ ፀሐይ ስትወጣ 806 ይሆናል። ፓምፑ ገና ስላልተነሣ ሙሉው ቮልቴጅ ካፓሲተሮችህ ላይ ነው። 14 ብታደርገው 752 ላይ ትቆያለህ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፓናሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ሥራ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ 14 ፓናል 510 አካባቢ ሊሰጥህ ይችላል። ለሙሉ 380 ቮልት 537 ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀትር ላይ ፓምፑ 50 ኸርዝ ሳይሆን 47 አካባቢ ይሽከረከራል። ውሃው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ምረጥ ካልከኝ ውሃው ይቀንስ እላለሁ።

ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ አንድ ነገር ጨምር። ከኢንቨርተሩ እስከ ፓምፑ 60 ወይም 80 ሜትር ኬብል ካለ፣ ኢንቨርተሩ በቶሎ ሲያበራና ሲያጠፋ ሞገዱ ኬብሉን ይዞ ሄዶ ሞተሩ ላይ ይመለሳል፣ የሞተሩ ጫፍ ላይ ቮልቴጁ እስከ ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የሞተሩ ጥቅል በጊዜ ብዛት ይበሳል። መውጫው ላይ የፊልተር ቾክ፣ ማለትም ሞገዱን የሚያለዝብ የሽቦ ጥቅል አድርግ። እሱን ለየብቻ በሌላ ትንሽ ሳጥን አድርገው፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ለሆነበት ብቻ ትሸጠዋለህ፣ ወንዝ ዳር ላለው ግን ወጪ አታበዛበትም።

ሁሉንም ነገር በሞጁል የሚሠሩ ቦታዎች የሉም ወይ ካልክ፣ አሉ። የቴሌ ማማ ሥር ያለውን የ48 ቮልት ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጥ) ሳጥን አይተህ ከሆነ፣ እንደ መሳቢያ የሚገቡ ተመሳሳይ ክፍሎች ናቸው። 3 የሚበቃ ከሆነ 4 ይገባል፤ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ይሸከማሉ፣ ቴክኒሻኑ ምንም ሳያጠፋ ስቦ ይቀይራል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ በሚሄደው የ500 ኪሎቮልት ዲሲ መስመር ዓይነት ጣቢያዎች ላይም ታይሪስተሮች (ለትልቅ ጉልበት የሚሆኑ ማብሪያ ሴሚኮንዳክተሮች) በብዛት በተከታታይ ይደረደራሉ፣ ጥቂት ትርፍ አብሮ ይገባል። አንዱ ሲሞት ሾርት ሆኖ ይቀራል፣ ከረንቱ ያልፋል፣ መስመሩ አይቆምም። ልብ በል ግን፣ እዚያም እያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ ያለው ፈጣን ክፍል ጠብቦ አንድ ላይ ነው የተሠራው። የተቆረጠው የረጋው ቦታ ላይ ነው። ያንተ ፓምፕ ግን አንድ ሞተር ነው፤ 4 ባለ 1 ኪሎዋት ኢንቨርተር ጎን ለጎን ሠርተህ አንድ ሞተር ላይ ለማገናኘት እንዳትሞክር። አንዱ ከሌላው ጋር ይጣላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርህ። የመጀመሪያዎቹን ገበሬዎች በራስህ የመጀመሪያ ቦርድ አታገልግል። ለነሱ ያለቀለት የፓምፕ ኢንቨርተር ገዝተህ፣ መከላከያውንና ሳጥኑን አሳምረህ ግጠምላቸው። ያንተን ቦርድ ሱቅህ ውስጥ ባለ ፓምፕ ላይ አንድ ሙሉ በጋ አሠራው። ገበሬው ያበደረህ እምነት ነው፣ ሽንኩርቱም ተበድሮ የዘራው ሊሆን ይችላል።

አሁን ፊውዙ። መልሱ ከምታስበው ይለያል። ፓናል እንደ ባትሪ አይደለም። ፓናልን ሾርት ብታደርገው የሚሰጠው ከሥራ ከረንቱ ትንሽ ብቻ ይበልጣል። 13 አምፔር የሚሠራ ፓናል ሾርት ሲሆን 14 ነው። ስለዚህ በአንድ ተከታታይ መስመር ላይ 15 ወይም 20 አምፔር ፊውዝ ብታደርግ ኢንቨርተሩ ሾርት ሆኖም አይበጠስም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል። የሚያስፈራህ ጉልበት ያለው ካፓሲተሮችህ ውስጥ ነው። ፊውዙን በካፓሲተር ቦርዱና በአይፒኤም ቦርዱ መካከል፣ በፕላሱ ላይ አድርገው፤ ለሴሚኮንዳክተር የተሠራ ፈጣን ፊውዝ፣ ቢያንስ 800 ቮልት ዲሲ የተጻፈበት። አይፒኤሙን አያድነውም፤ አይፒኤሙን የሚያድነው የራሱ መከላከያ ነው። ግን አይፒኤሙ ከሞተ በኋላ ቦርዱ እንዳይፈነዳና ሳጥኑ እሳት እንዳይይዝ ያደርጋል። የፊልም ካፓሲተሯ አይፒኤሙ በኩል ስለምትቀር ፊውዙ ያለበት መስመር ትንሽ ቢረዝም አይጎዳህም።

ፓናሉ በኩል ፊውዝ ሳይሆን ማጥፊያ ነው የሚያስፈልግህ፣ ባለ ሁለት ዋልታ የዲሲ ብሬከር። እባክህ ቤት ውስጥ የምታውቀውን የኤሲ ብሬከር እዚያ አትግጠም። ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ ዲሲ ዜሮ የለውም፣ ስለዚህ ብልጭታው ይቀጥላል። ማጥፊያው ተጭኖ ወርዶ፣ ውስጡ ግን እሳቱ ሳይጠፋ ፕላስቲኩ እየቀለጠ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቆመነው ፓናሎቹን በብርድ ልብስ ሸፍነን ነው። ብሬከሩን ስትገዛ ላዩ ላይ የተጻፈውን የዲሲ ቮልቴጅ አንብብ። 1000 ቮልት ዲሲ የሚለውን ያዝ፣ ፕላስና ማይነስ ምልክት ካለው ደግሞ አዙረህ እንዳትገጥመው፤ አንዳንዶቹ ብልጭታውን የሚያጠፉት በማግኔት ስለሆነ ከተገለበጡ እሳቱን ወደ ውስጥ ይገፉታል።